«ጨጓራዬ ነው» የምንለው ሕመም

በነርስነት የምታገለግል አባላችን በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያቀረበችው ንግግር ነው።



ሰብሳቢያችን ስለ ልብ ሕመም እንድናገር የጠየቁኝ ጊዜ፣ አንዲት እናት «ልጄ፣ እሱ የወንዶች በሽታ አይደለም እንዴ?» ብለውኝ ነበር። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አይደለም። እኔ በምሠራበት ክፍል ተኝተው ከሚታከሙት መካከል ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ወጣቶቹን ብቻ ብንቆጥር እንዲያውም ሴቶቹ ይበዛሉ። በዓለም ላይም ሴቶችን በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስትሮክን ጨምረን ስንቆጥር ከሦስት ሴቶች ሞት አንዱ ገደማ በእሱ የመጣ ነው። የጡት ካንሰርና የማሕፀን በር ካንሰር ተደምረው እንኳ አይደርሱበትም። ይህን ስል ካንሰሩን እንድትንቁት አይደለም፤ ምርመራችሁን እንዳታቋርጡ። ስለ ጡት ካንሰር ግን ሬዲዮው ይናገራል፣ ሩጫ ይሮጣል፣ ሪባን ይታሰራል። ስለ ልባችን ብዙም የነገረን የለም። ስለዚህ ሴቲቱ ስትታመም ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ልብ ነው ብሎ አያስብም። እሷማ ጭራሽ አታስብም። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው»፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ዛሬ የመጣሁት ስለዚች «ጨጓራዬ ነው» ስለምትባል ቃል ለመናገር ነው።

መጀመሪያ ልብ ምን እንደምትሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። መጠኗ የጨበጣችሁትን እጅ ያህል ነው። በቀን ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። ደም የምትገፋው ለመላው አካል ነው፤ ለራሷ ጡንቻ የሚሆነውን ግን የምታገኘው በላይዋ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች በኩል ነው። ሁሉን አብልታ ለራሷ በትንሿ ሳህን የምትቀርብ ሴት አታውቁም? እንደ እሷ ናት። እነዚያ ቀጫጭን የደም ሥሮች በስብ እየደደሩ ሲጠቡ ልብ ሥራ በበዛባት ጊዜ ምግቧ ያንሳታል። በጠበበው ቦታ ላይ ደም ረግቶ ጨርሶ ሲደፈን ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ሃርት አታክ የሚባለው ይህ ነው። በእኛ ቋንቋ «የልብ ድካም» እየተባለ ሲነገር እሰማለሁ፤ ሐኪሞች ግን የልብ ድካም የሚሉት ሌላ ነገር ነው፤ ልብ ደሙን እንደሚገባ መግፋት ሲያቅታት ማለት ነው። አንዱ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣ ነው፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ እየተጎተተ። በሽተኛ ይዛችሁ ስትመጡ ስሙን አትጨነቁበት፤ የሆነውን ብቻ እንደሆነው ተናገሩ።

አሁን አንዲት ሴት ላስታውሳችሁ፤ ስሟን አልጠራም። ዕድሜዋ 53 ነው፣ ባልትና ትሠራለች፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ወደ እኛ ከመድረሷ በፊት ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ስትውጥ ነበር። ኦሜፕራዞሉን ትጨርሳለች፣ እንደገና ይታዘዝላታል። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብሽ ተብላም ታክማለች፤ እርግጥም ተገኝቶባት ይሆናል፤ በአገራችን ይህ ባክቴሪያ ያለበት ሰው ብዙ ነው። ሕመሙ ግን አልተዋትም። እኛ ዘንድ አንዲት ወጣት ሐኪም ቁጭ ብላ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚጀምርዎት?»

«ከወፍጮ ቤት ተሸክሜ ዳገቷን ስወጣ።»

«ሲቆሙስ?»

«ትንሽ ካረፍኩ ይተወኛል።»

«ከበሉ በኋላ፣ ወይም ሲርብዎት?»

«ኧረ ያን ጊዜ ደኅና ነኝ።»

ሐኪሟ ሌላ ነገር መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ጨጓራ የሚያውቀው ምግብ ነው፤ ሲርብ ወይም ሲበላ፣ ቃሪያ ሲበዛ፣ ሌሊት ባዶ ሆድ ሲተኛ ነው የሚነሣው። ስትራመዱ የሚጀምር፣ ስትቆሙ የሚተው፣ እንደገና ስትራመዱ የሚመለስ ሕመም ግን ከልብ የመጣ ሊሆን ይችላል ብላችሁ አስቡ፤ እምብርት አጠገብ ቢሆንም እንኳ። ሴትዮዋ ተመርምራ ከልብ ደም ሥሮቿ አንዱ ክፉኛ ጠቦ ተገኘ። በውስጡ መደገፊያ ገብቶላት፣ መድኃኒቷን እየዋጠች አሁን ሥራዋ ላይ ናት። ዳገቷን ግን አሁን የምትወጣው ጭነቱን ለጋሪ ሰጥታ ነው።

ይህ ምልክት በማያሻማ ሁኔታ ሁሉም ሴት ላይ ይታያል ብዬ አላታልላችሁም። ሴቶች ዘንድ ነገሩ ብዙ ጊዜ የተድበሰበሰ ነው። ፊልም ላይ ሰውየው ደረቱን በእጁ ጨብጦ ይወድቃል፤ አለቀ። ሴቶችም ላይ ቢሆን ዋናው ምልክት የደረት ነገር ነው፤ «ሴት ደረቷን አያማትም» የሚል ወሬ ከሰማችሁ አትቀበሉት። ግን ከእሱ ጋር ወይም ያለ እሱ ሌሎች ምልክቶች ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያሉ። ትንፋሽ ያጥራል። ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ ይመጣል። መንጋጋን፣ አንገትን፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ጀርባን፣ አንዱን ወይም ሁለቱንም ክንድ ይይዛል። ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ያልተለመደ ድካም ተሰምቷቸው እንደነበር ይናገራሉ። ያልተለመደ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ሁላችንም ደክሞናል፤ ድካም ብቻውን በሽታ ቢሆን ኖሮ ይህ አዳራሽ ሆስፒታል በሆነ ነበር። እኔ የምለው ትናንት ያለ ችግር የምታነጥፉትን አልጋ ዛሬ መሐል ላይ አቁማችሁ የምትቀመጡበትን ድካም ነው።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪም «ደረትሽን ያምሻል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ እናቶች «አይ፣ አያመኝም» ይላሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ «ይከብድዎታል?» ስላቸው «አዎ፣ ድንጋይ እንደ ጫኑብኝ ነው!» ይሉኛል። ለእነሱ ሕመም ማለት መውጋት ነው፣ መቁረጥ ነው። የልብ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ይጫናል፣ ያፍናል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ ሐኪሙ የተጠቀመበትን ቃል አትጠብቁ፤ በራሳችሁ ቃል ንገሩት። «አፈነኝ» በሉ፣ «ተጫነኝ» በሉ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ የልብ ሕመም ያለ ምንም የደረት ሕመም፣ በትንፋሽ ማጠርና በላብ ብቻ ሊመጣባችሁ ይችላል።

የሴቶች ሕመም በሐኪሞችም ዘንድ መታለፉ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ቤርናዲን ሂሊ የተባሉ አሜሪካዊት የልብ ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የአገራቸውን ብሔራዊ የጤና ተቋም እንዲመሩ ሲሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። በዚያው ዓመት በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ሴቶች የልብ ሕመም እያለባቸው ከወንዶች ያነሰ ምርመራና ሕክምና እንደሚያገኙ ጻፉ። ስም ያወጡለት በየንትል ነው፤ የንትል ለመማር ስትል ወንድ መስላ የለበሰች የአንድ ተረክ ልጅ ናት። ሴትዮዋ ልክ እንደ ወንድ ታማ ካልታየች እንደ ወንድ አትታከምም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ አለፈ፤ ብዙ ተሻሽሏል፣ ያልተሻሻለም አለ። ሐኪሙ ወጣት ሆኖ፣ ወረፋው ረዝሞ፣ እናንተም ራሳችሁ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ ከገባችሁ ነገሩ በጨጓራ ይቋጫል። ምርመራውን በራሳችሁ አፍ አትዝጉበት።

እንግዲህ በድንገት ቢመጣስ? የደረት መጫን ወይም ከነገርኳችሁ ምልክቶች አንዱ መጥቶ፣ አርፋችሁ ተቀምጣችሁ እንኳ ደቂቃዎች አልፈው ካልለቀቀ፣ ጊዜ አታጥፉ። ጤና አዳም አፍልቶ መጠጣት፣ ጀርባን በቅባት ማሸት፣ ባል ከሥራ እስኪመጣ መጠበቅ፣ «ይንጋና እናያለን» ማለት፣ እነዚህ ሁሉ የልብ ጡንቻ እየሞተ የሚያልፉ ሰዓቶች ናቸው። በእግር አትሂዱ፤ ደረጃም አትውጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ። ከዘገየ በታክሲ፣ በጎረቤት መኪና፣ በተገኘው። ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ዘበኛ «ምን ሆነች?» ሲል «ሆዷን አሟት» እንዳትሉ፤ «ደረቷን አፍኗት ላብ አጥምቋታል» በሉ። ልዩነቱ የሁለት ሰዓት ወረፋ ነው። ከገባችሁ በኋላ ኢሲጂ የሚባለው ምርመራ ሕመም የለውም፤ ደረት ላይ ገመድ ተለጥፎ ወረቀት ይወጣል፣ ደቂቃዎች አይፈጅም። በደረሳችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት ይላል የሕክምናው ደንብ። የመጀመሪያው ወረቀት ደኅና ቢመስልም ሕመሙ ካልተወ ይደገማል፤ ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራም አለ። «ይደገምልኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ነርሶች ይህን የሚጠይቅ አስታማሚ አናዝንበትም፤ እንዲያውም ያግዘናል።

አሁን ወደ እኛው ማኅበር ሥራ ወደ ለቅሶ ልውሰዳችሁ። ስንቶቻችን ነን ለቅሶ ቤት አንዲት እናት ደረቷን ይዛ ስትወድቅ ውኃ ረጭተን፣ «ኀዘኑ ነው፣ ተዋት ታልቅሰው ይውጣላት» ያልን? ኀዘን ልብን ይሰብራል ስንል ምሳሌ ይመስለናል። ጃፓናውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 በጽሑፍ ያስተዋወቁት አንድ ሕመም አለ፤ ታኮትሱቦ ይባላል። ታኮትሱቦ በአገራቸው የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱበት እንስራ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። በከባድ ድንጋጤ ወይም ኀዘን ጊዜ የልብ ታችኛው ክፍል ድንገት ዝሎ እንደዚያ እንስራ ይነፋል። ደረት ይጨነቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ኢሲጂው እንኳ ሃርት አታክ ይመስላል። ይህ ሕመም ከሚይዛቸው ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ያረጡ። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ይሞታሉ። በዓይን አይቶ ኀዘን ብቻ ነው፣ ታኮትሱቦ ነው፣ ወይም የደም ሥር መደፈን ነው ብሎ መለየት የሚችል ሰው የለም፤ እኔም አልችልም። ስለዚህ ለቅሶ ላይ ከልቅሶው በኋላ ደረቷ ላይ የተጫናት ነገር ያልለቀቃት፣ የገረጣች፣ ላብ ያጠመቃት ሴት ካለች ከድንኳኑ አውጥተን ወደ ሆስፒታል እንውሰዳት። ሀዘንተኛ ናት ብሎ መተው ደግነት አይደለም። ይህን ለይቼ የምላችሁ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመን የምንደርስ እኛ ስለሆንን ነው።

ስለ ወጣቶቹ አልተናገርኩም። ከላይ ሴቶቹ ይበዛሉ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው፤ የእነሱ መንገድም ሌላ ነው።

በ10 ወይም በ12 ዓመቷ አንዲት ልጅ ጉሮሮዋን ትታመማለች። ቶንሲል ነው እንላለን። ዶሮ ወጥ አይሰጣትም፣ ትኩስ ሻይ በዝንጅብል ትጠጣለች። አንዳንድ ቤት ደግሞ እንጥሏን የሚቆርጥ ሰው ይጠራላታል። እንጥል መቁረጥ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ አይነካውም፤ ልጆች ደም ሲፈሳቸውና ሲመርዛቸው አይተናል። የጉሮሮ ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የመጣ ከሆነ በፔኒሲሊን ይታከማል። ካልታከመ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ትኩሳት፣ ከጉልበት ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ቁርጭምጭሚት እየተዛወረ የሚያብጥ መገጣጠሚያ። «ቁርጥማት ነው» ይባላል፤ ያልፋልም። መገጣጠሚያው ይድናል። ያልተዳነው ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት የልብ በር ነው። የራሷ አካል ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሷን የልብ በር አብሮ ያቆስለዋል። ጠባሳው በየዓመቱ እየደደረ በሩ በቅጡ አይከፈትም፣ ወይም አይዘጋም።

ልጅቷ ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ታገባለች። ትንሽ ቶሎ ይደክማታል፤ «ደካማ ናት» ይሏታል። ከዚያ ታረግዛለች። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ያ ሁሉ ደም በጠበበው በር ማለፍ አለበት። ያን ጊዜ ነው ወደ እኛ የምትመጣው፤ ቁጭ ብላ የምታድር፣ ጋደም ስትል የምትታፈን፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሚወጣት። እርጉዝ ሴት ትንሽ ትንፋሽ ማጠሯ ያለ ነው፤ እግሯም ቢያብጥ ያጋጥማል። ሁለት ትራስ አስደግፋ ካልሆነ መተኛት የማትችል፣ ሌሊት ታፍና ተነሥታ መስኮት የምትከፍት እርጉዝ ግን ያለ ነገር አይደለችም። በዚያው ሳምንት ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ትታይ።

አራስም እንዲሁ። ልባቸው ከዚያ በፊት ደኅና የነበረ ሴቶች በእርግዝናው የመጨረሻ ወር ወይም ከወለዱ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ ልባቸው ተለጥጦ ሊደክም ይችላል። እኛ አራስን አስተኝተን፣ ገንፎና አጥሚት እያበላን፣ ከበር እንዳትወጣ አድርገን እንጠብቃለን። መልካም ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ተኝታ ስለምትውል ትንፋሿ ማጠሩን ማንም አያስተውልም፤ እግሯና ፊቷ ሲያብጥም «አራስነቱ ተስማምቷታል፣ ወፈረች» ይባላል። አራስ ጥየቃ ስትሄዱ ሕፃኑን ብቻ አትዩ። እናቲቱን «በጀርባሽ ትተኛለሽ? ሌሊት ትንፋሽ ያጥርሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። ሁለት ጥያቄ ነው።

የልብ በር ጉዳት ከታወቀ ብዙ የሚደረግ ነገር አለ። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ሌላ ቁስል እንዳይጨመር ይጠብቃል። ለዓመታት የሚወሰድ ነው፤ በሩ ክፉኛ ለተጎዳባት እስከ 40 ዓመቷም ሊቀጥል ይችላል። ልጆቻችን የሚያቋርጡት ደኅና የሆኑ ሲመስላቸው ነው፤ ያምማልና አልፈርድባቸውም፣ ግን አታስቋርጧቸው። በፊኛ የሚከፈት በር አለ፣ በቀዶ ሕክምና የሚተካም አለ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የብዙ ልጆችን ልብ የጠገነ ነው። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ለዚህ ነው መርፌው የሚሻለው። የአፍሪካ ኅብረትም እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት መግለጫ አስወጥቷል፤ የመፍትሔው መጀመሪያ ያው የጉሮሮ ሕመምን ማከም ነው።

የብረት ቫልቭ የተተከለላቸው ልጃገረዶች ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በራስ ማቆም ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም አርግቶ እናቲቱን ይገድላል። ስለዚህ ንግግሩ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መሆን አለበት። እናት ሆናችሁ ልጃችሁን ስትድሩ ይህን ደብቃችሁ አትዳሩ። ከባድ ነገር መጠየቄን አውቃለሁ፤ «ልበ በሽተኛ ናት» ተብላ እንዳትቀር ነው የምትሠጉት። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ባልየው ወደ ድንገተኛ ክፍል ተሸክሟት ሲመጣ ምንም የማያውቅ ሆኖ ያየሁት ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ጠበልም፣ ዱዓም ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም። ወደ ጠበል ስትሄዱ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ጾም ላይ ያላችሁ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል፤ ቡናው ሊቀዳ ነው። የደም ግፊት 140 በ90 ከደረሰ ከፍ ያለ ነው ይባላል፤ ምልክት የለውም፤ «ራሴን ስላላመመኝ ግፊት የለብኝም» ማለት አይሠራም። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር የነበረባችሁ፣ ልጁ ዛሬ 20 ዓመት ቢሞላውም ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ያ ሴት በኋላ ዕድሜዋ ለልብ ሕመም የበለጠ የተጋለጠች ናት። ካረጣችሁ በኋላ ደግሞ የደም ሥሮቹ ቀድሞ የነበራቸው ከለላ ይቀንሳል፤ ሴቶች ከወንዶች ከ7 እስከ 10 ዓመት ዘግይተው መታመማቸው ዘላለም እንደሚጠበቁ አድርጎ አታሏቸዋል። ጨው በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ነው የሚፈቀደው፤ በርበሬው ውስጥ ያለው፣ ሽሮው ውስጥ ያለው፣ ዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ስለዚህ በርበሬ ስታዘጋጁ ጨውን አውጡትና ወጡ ላይ ብቻ ጨምሩ። ጭስ ሳንባን ብቻ ይጎዳል አትበሉ፤ የማገዶና የኩበት ጭስ የደም ሥርንም ያደድራል። ማድ ቤቱ መስኮት ይኑረው፤ ባልየው ደግሞ ሲጋራውን ውጭ ያጭስ፣ ቢተወው ይሻላል።

አሁን የመጨረሻውና ለመናገር ያመነታሁበት ጉዳይ። ማኅበራችን አንዲት አባል ስትሞት በ24 ሰዓት ውስጥ ብር አውጥቶ ድንኳን ይተክላል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን አባላችን ሌሊት 8 ሰዓት ደረቷ ሲታፈን የሚወጣ ብር የለንም። ደንባችን ለሞት እንጂ ለሕመም ካዝና አይከፍትም። በሥራዬ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ፤ ቤተሰቡ ለመኪና፣ ለአልጋ ማስያዣና ለምርመራ ብር ለመበደር ሲዞር ጥዋት ይሆናል። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ አድሱት፤ እሱም ቢሆን በሌሊት ታክሲ አይከፍልም።

ሐሳቤ ይኸው ነው፤ ከወርኃዊ መዋጮው ጥቂቱ ለብቻው ይቀመጥ። ገንዘብ ያዥዋና ሁለት አባላት በስልክ ተስማምተው፣ ስብሰባ ሳይጠሩ፣ አባል በድንገት ስትታመም በዚያች ሰዓት ያበድሯት። ስጦታ አላልኩም፤ ብድር ነው፤ በየወሩ ትመልሳለች። ከሞተች ማን ይከፍላል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከሞተችማ ለድንኳኑ የምናወጣው ከዚያ ይበልጣል። ሰብሳቢያችን ለሚቀጥለው ወር በአጀንዳ እንዲያዝ ፈቅደዋል፤ የምትቃወሙ ካላችሁ ተዘጋጅታችሁ ኑ፣ እንከራከር።

የግፊት መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነኝ። ቡና ለጊዜው ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ሳትጠጡ ኑ፤ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ፣ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ። የሹራቡን እጅጌ ከፍ ማድረግ ይበቃል። መጀመሪያ የሚለኩት ስኳር ያለባቸው፣ በእርግዝና ግፊት የነበረባቸውና ዳገት ላይ ለማረፍ የሚቆሙ ናቸው። የሌሎቻችሁን ቡና ሲስተር እየለካች ነው ብለው ያስቀምጡላችኋል፤ ተነጋግሬበታለሁ።